ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር ቴትራሳይክሊን?

ክቡር አዘጋጅ፦

በዓል በደረሰ ቁጥር ጋዜጣችሁ የዶሮ ዋጋ ይዘግባል። ሾላ ስንት ገባ፣ ሳሪስ ስንት ገባ ትላላችሁ። ጥሩ ነው። ዶሮዋ እስከ በዓሉ ምን ስትውጥ እንደከረመች ግን ስትጽፉ አላየሁም። እስቲ እኔ ልሞክር።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ግቢዬ ውስጥ የእንቁላል ዶሮዎች አሉኝ። ሰፈራችን ውስጥ ዶሮ የማያረባ ሰው ጥቂት ነው። ክረምት ሲገባ ታዲያ ማታ ማታ የሁሉም ዶሮ ቤት ያንኮራፋል፣ ያስነጥሳል። ጠዋት አንዷ ዓይኗ አብጦ ትገኛለች። ወዲያው ልጅ ወደ መድኃኒት ቤት ይላካል። የሚገዛው ቴትራሳይክሊን የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ አዎ፣ የሰው። ካፕሱሉ ይከፈትና ዱቄቱ ውኃቸው ላይ ይበተናል። መጠኑ? በግምት። ለስንት ቀን? ሳንቲም እስኪያልቅ። በአጥር በኩል «ሲስተር፣ ስንት ፍሬ ላድርግላቸው?» የሚለኝ ብዙ ነው። ምንም አታድርጉ ስል ደግሞ ይቀየሙኛል።

የሚያስነጥስ ዶሮ ሁሉ የታመመው አንድ በሽታ አይደለም። ፈንግል ቫይረስ ነው። ቴትራሳይክሊን፣ የሰውም ይሁን የእንስሳ፣ ቫይረስን አይነካውም። ለፈንግል ያለው መላ ቀድሞ ማስከተብ ብቻ ነው። ክትባቱም እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። አምስት ስድስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ገዝታ ምን ታደርገዋለች? እኛ መንደር ተሰባስበን በአንድ ጠዋት እናስከትባለን። በውኃ የሚሰጠውን የቧንቧ ውኃ ላይ እንዳትጨምሩት ብቻ፤ ክሎሪኑ ይገድለዋል።

ባክቴሪያ የሚያመጣቸው በሽታዎችም ቢሆኑ ይለያያሉ። ኮራይዛ ፊት ያሳብጣል፣ ከአፍንጫ የሚከረፋ ፈሳሽ ያወጣል። የዶሮ ኮሌራ የሚባለው (ከሰው ኮሌራ ጋር ዝምድና የለውም) ደህና የዋለችውን በአንድ ሌሊት ይጥላል። ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከእናትየው በእንቁላሉ ውስጥ ወደ ጫጩቷ ያልፋል። መድኃኒት ምልክቱን ያስታግሰው ይሆናል እንጂ ከዶሮዎቹ ጨርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ የ45 ቀን ጫጩት ስትገዙ ከዋጋው በፊት እናቶቹ ተመርምረው እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ።

አንድ ጎረቤቴ ለሆቴል እሸጣለሁ ብሎ ተርኪ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ገዛና ከዶሮዎቹ ጋር ቀላቀላቸው። ዶሮዎቹ ትንሽ ከማስነጠስ በቀር ምንም አይሉም ነበር። ተርኪዎቹ ግን ከዓይናቸው ሥር የሎሚ ያህል አበጠባቸው። ዓይናቸው ተጋርዶ ጥሬውን ማየት አቃታቸው። የመጣው የእንስሳት ሐኪም ማይኮፕላዝማ ሳይሆን አይቀርም አለ። ዶሮ ችላው የምትኖረው ይህ በሽታ ተርኪ ላይ ይከፋል። የዶሮ ኮሌራም ተርኪን ክፉኛ ይፈጃል። ሁለቱን በአንድ ቤት አታኑሩ።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዶሮ ቤቱ ይጀምራል። አገራችን ብርድ ነው። ሰው ለዶሮዎቹ አዝኖ መስኮቱን በላስቲክና በማዳበሪያ ከረጢት ይደፍነዋል። ሥር የተነጠፈው ሰጋቱራ በኩስ ይርሳል፣ አሞኒያ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። አሞኒያው የዶሮዋን የመተንፈሻ ቧንቧ ይጎዳዋል። ያኔ ከአቧራው ጋር የምትስበው ባክቴሪያ ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ ለእሷ ከበዛባት ቆይቷል። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር አየር መውጫ ክፈቱ። የረጠበውን ጥረጉና ደረቅ አንጥፉ። ይህን ለማድረግ ሐኪም አያስፈልግም፣ ብርም አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

መድኃኒት አይሰጥ እያልኩ አይደለም። ሐኪም አይቶ፣ መጠኑንና ቀኑን ለክቶ ካዘዘው ይሰጥ። ግን መድኃኒት የምትወስድ ዶሮ እንቁላሏ ለተወሰነ ቀን መሸጥም መበላትም የለበትም። ይህን የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ? በነጋታው ሱቅ ገብቶ የእናንተም ልጅ ቁርስ ይሆናል። መድኃኒት በዘፈቀደ ሲሰጥ ደግሞ ባክቴሪያው ይላመደዋል፤ ዎርድ ስሠራ መድኃኒት አልሰማ ያለ ቁስል አይቻለሁ። አሜሪካኖች እንኳ ኤንሮፍሎክሳሲን የሚባለውን፣ ሁላችን የምናውቀው የሲፕሮ ወንድም የሆነውን መድኃኒት፣ በፈረንጆቹ 2005 ለዶሮና ለተርኪ እንዳይሰጥ አግደዋል። ምክንያታቸው ሰውን የሚያስቀምጥ ባክቴሪያ መድኃኒቱን መላመዱ ነበር።

ታዲያ አርቢው ምን ያድርግ? በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይመረጥም። እንዲታወቅ ደግሞ የሞተችው ዶሮ ሳትሸት ተከፍታ መታየት አለባት። ባለፈው ክረምት አንዷ ስትሞትብኝ በላስቲክ ጠቅልዬ ወደሚመለከተው ቢሮ ይዤ ሄድኩ። «ምን ያደርግልሻል፣ ቅበሪያት» ተባልኩ። ቢሮው እዚያው ካልመረመረ፣ የሚመረምር ቦታ መጠቆም እንዴት ያቅተዋል?

ከናንተ የምፈልገው ይህን ነው። የሚቀጥለውን የዶሮ ገበያ ዘገባ ስትሠሩ ከነጋዴው ጎን አንድ የእንስሳት ሐኪም አናግሩ። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ የሞተች ዶሮ ይዞ የሚነሳ ሰው የትኛው በር ማንኳኳት እንዳለበት፣ በየትኛው ቀንና በስንት ብር እንደሚመረመርለት ጠይቁና ከዋጋ ሰንጠረዡ ሥር አትሙልን።

አክባሪያችሁ፣
ዶሮ አርቢዋ ነርስ፣ ከሱሉልታ