ምልክት ጨምሩ ካላችሁን የፕሮክሲውንም ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቴክኖሎጂ ገፃችሁ ላይ ፓስወርድ ስትመርጡ እንደ @ እና # ያሉ ምልክቶችን አስገቡበት የሚለውን ምክር አይቼ ነው ይቺን የምፅፈው። ምክሩ ክፉ አይደለም፣ ግን እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ በፕሮክሲ (ፓስወርድ ጠይቆ ወደ ኢንተርኔት በሚያስተላልፍ መሃል ላይ በቆመ ሰርቨር) በኩል ኢንተርኔት በሚሰጡ መስሪያ ቤቶች ውስጥ ለምንውል ሰዎች ግማሹ ቀርቷል፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ነው ስራ የሚያስፈታው።

ብሮውዘር ላይ ችግር የለም፣ ዩዘርኔሙና ፓስወርዱ ለየብቻ ሳጥን አላቸው፣ ሞልተህ ትገባለህ። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ በአፕት፣ ወይ በፓይተኑ ፒፕ፣ ወይ በኤንፒኤም (ሶስቱም በፅሁፍ ትዕዛዝ የሚያወርዱ ናቸው) ፓኬጅ፣ ማለትም የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ ላውርድ ስትል ግን ሳጥን የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉንም ባንድ መስመር ነው የምትደረድረው፣ ዩዘርኔም ከዛ ሁለት ነጥብ ከዛ ፓስወርድ ከዛ @ ከዛ የሰርቨሩ አድራሻና ፖርቱ፣ ማለትም የመግቢያ በሩ ቁጥር። እንግዲህ ፓስወርድህ ውስጥ ራሱ @ ካለ የትኛው @ ድንበር እንደሆነ ፕሮግራሙ በምን ይለየው? አንዳንዱ የመጨረሻውን ይይዝና ይሰራል፣ ሌላው የመጀመሪያውን ይዞ የተረፈውን የፓስወርድህን ጭራ የሰርቨር ስም ያደርገውና "እንዲህ የሚባል ሰርቨር አላገኘሁም" ብሎ ስክሪኑ ላይ ያሰጣዋል፣ ከጀርባህ የቆመ ሁሉ ያነበዋል ማለት ነው። # ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ከሱ በኋላ ያለው አድራሻ ይቆረጥና ዩዘርኔምህ ሰርቨር ይሆናል፣ የፓስወርድህ መጀመሪያ ፖርት ይሆናል፣ ከዛ ፖርት ቁጥር መሆን አለበት ብሎ ይጮህብሃል። ይሄን ኢረር ያየ ጀማሪ ልጅ ወላሂ ፓስወርዱን አይጠረጥርም፣ ኔትወርኩ ነው ብሎ ይነሳል፣ ካልሆነም ከኪሱ ዳታ ገዝቶ በስልኩ ሆትስፖት ያወርዳል፣ የመስሪያ ቤቱ መስመር እዛው እያለ።

መላው እኮ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1994 የወጣው የኢንተርኔት አድራሻ ደንብ ላይ አለ፣ በ2005 ተሻሽሎ የወጣውም ላይ አለ። ምልክቱን አውጥተህ በቦታው ፐርሰንትና የምልክቱን ኮድ ታስገባለህ። @ %40 ይሆናል፣ # %23፣ ዶላር %24፣ ቃለ አጋኖ %21፣ ሁለት ነጥብ ፐርሰንት 3 እና የእንግሊዝኛው ትልቁ ኤ። ስለዚህ ፓስወርዱ 77@88# ቢሆን 77%4088%23 ብለህ ትፅፋለህ። ፐርሰንቱ ራሱ ፓስወርዱ ውስጥ ካለ %25 ነው፣ በእጅ የሚቀይር ሰው እሱን መጀመሪያ ይቀይር፣ አለዚያ የቀየረውን መልሶ ይቀይረዋል፣ %40 የነበረው %2540 ይሆንና ፕሮክሲው 407 እያለ ይመልሰዋል። 407 ማለት ደጃፉ ድረስ ደርሰሃል ግን ማንነትህን አላመንኩም ነው፣ በኔ እምነት ይሄ ደስ የሚል ኢረር ነው፣ ቢያንስ ኔትወርኩ እንዳለ ትረዳለህ።

ሁሉም ቦታ ግን እንደዚህ አይደለም፣ ሰዉን የሚያሳብደውም እሱ ነው። እነ ፌዶራ በሚባሉት ሌሎች ሊኑክሶች ላይ ያለው የፓኬጅ ማውረጃ ዲኤንኤፍ ለፓስወርዱ የራሱ መስመር ስላለው እዛ እንዳለ ነው የሚፃፈው፣ %40 ካልክበት እሱኑ ፓስወርድ አድርጎ ይልከዋል። ባሽ በሚባለው የሊኑክስ ትዕዛዝ መፃፊያ ላይ ዶላርና ቃለ አጋኖ ሌላ ስራ ስላላቸው ወይ በኮድ ቀይራቸው ወይ መስመሩን በነጠላ ጥቅስ ዝጋው። ዊንዶውስ ላይ ባች ፋይል (ትዕዛዞች የሚደረደሩበት ፋይል) የሚፅፍ ሰው ፐርሰንቷን ሁለት ጊዜ ይፃፋት። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚፃፍበት መስኮት) ላይ ፕሮክሲውን አስገብተህ ከዛ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ስልጣን፣ ስታዝዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሱዶ ያስገባኸውን ጥሎት ነው የሚሄደው። አንዳንድ ወዳጆቼ ታዲያ ለምን በአማርኛ ፊደል አናደርገውም ይላሉ፣ አቦ ተዉ፣ አንዷ ፊደል በኮድ ስትፃፍ ዘጠኝ ቁምፊ ትወጣለች፣ ፕሮክሲውም ላይገባው ይችላል።

%40 ብሎ መፃፍ ደግሞ ፓስወርድ መደበቅ አይደለም፣ ማንም መልሶ ያነበዋል። የኤንፒኤም ሴቲንግ ፋይል ውስጥና የተርሚናሉ ሂስትሪ ውስጥ ተገልጦ ይቀመጣል፣ በጋራ በምንጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የምለው ይሄን ነው፣ ምልክት ካላስገባችሁ ፓስወርዱን አልቀበልም የሚል ሲስተም የሚያቆም መስሪያ ቤት ምልክቱ ፕሮክሲ ላይ እንዴት እንደሚፃፍ አንድ ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፍ፣ ግማሽ ገፅ አይሞላም። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም እንኳን በ2017 ባወጣው መመሪያ ምልክት ቀላቅሉ እያላችሁ ሰው አታስጨንቁ፣ ርዝመቱ ላይ አተኩሩ፣ ያለ ምክንያት በየጊዜው ቀይሩም አትበሉ ብሏል። እዚህ ግን በየጥቂት ወሩ ቀይር ይባላል፣ በቀየርክ ቁጥር አፕቱም ፒፑም ኮድ የምናወርድበት ጊቱም እንደገና ይስተካከላሉ፣ አንዱ ከተረሳ በድሮው ፓስወርድ እያንኳኳ አካውንትህን ያስዘጋዋል። የሚቻለው አይቲ ክፍል ደግሞ አንድ ጊዜ የወረደውን ፓኬጅ የሚያስቀምጥ ሰርቨር እዛው መስሪያ ቤቱ ውስጥ ቢያቆም ፓስወርዱም አያስፈልግ፣ ያችው ፋይል መቶ ጊዜም አትወርድ።

እናንተም ብትችሉ በሚቀጥለው የቴክኖሎጂ ገፃችሁ ላይ የምልክቶቹን ኮድ በትንሽ ሳጥን አትሙልን፣ ቆርጠን እንለጥፈዋለን።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ፒያሳ