በመርዶህ ቀን ስላልመጣሁ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ዝም ብዬህ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጀመሬ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። አራት ጊዜ ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

የእማማን መርዶ ልንነግርህ የተቀጣጠርነው ለንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። ሰዉ በርህ ላይ ቆሞ እኔን ሲጠብቅ ነበር፣ «እሱ ይንገረው፣ ከሱ ቢሰማው ይሻላል» ተብሎ። አልመጣሁም። በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ መኪናዬ ተበላሽታ ነው አልኩ። መኪናዬ ምንም አልሆነችም። ሌሊቱን ብቻዬን ስጠጣ አድሬ ሶፋው ላይ ወድቄ ነበር። ስነቃ ረፋዱ 4 ሰዓት ሆኗል፣ ስልኬ ላይ 17 ሚስድ ኮል አለ። ከዚያ ዓይንህን ማየት አፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር ጠጣሁ፣ በጠጣሁ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ራቅኩህ። እማማ ከልጆቻቸው ሳይለዩ በእጃቸው ያጎረሱኝ እናቴ ነበሩ። ይቅር በለኝ።

መጠጥ ካቆምኩ 14 ወር ሆነኝ።

መጀመሪያ ብቻዬን ነበር የሞከርኩት። አንድ ሰኞ ቤት ያለውን ሁሉ ደፋሁና በቃኝ አልኩ። በሁለተኛው ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሌሊት ላይ የሌለ ሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አምቡላንስ የጠራልኝ ጎረቤቴ ነው። ሐኪሟ እንደነገረችኝ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ያለ ሕክምና ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም። «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው» እያልን ሰው እንገፋለን።

ከሆስፒታል ልወጣ ስል «ቤት ስትገባ ማን አለህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበትን ማኅበር የነገረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ በአማርኛ የሚሰበሰብ ፈለግኩ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ገበያ ስትወጣ እንኳ የአገርህን ሰው ሳታገኝ አትመለስም፣ አንዱ አይቶኝ ቢያወራስ? በመጨረሻ ድረ ገጻቸው ላይ የሰፈሬን ዚፕ ኮድ አስገባሁ። በየቀኑ፣ ጠዋትም ማታም፣ በመኪና አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ስብሰባ አለ። ስንት ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ!

የመጀመሪያው አልተስማማኝም፣ ሳያልቅ ወጣሁ። ሁለተኛው አንድ ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ውስጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ አይደለም፣ አዳራሹን ተከራይተው ነው። በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቡና ይቀዳሉ። ለሁሉም ሙሉ ሲቀዱ ለእኔ ግማሽ ብቻ ቀድተው ሰጡኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። እጄን አይተውታል። ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይፈስብኝ ነበር። ምንም አላሉኝም፣ ትንሽ ቆይተው መጥተው ሌላ ግማሽ ጨመሩልኝ። እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ።

ማንም መታወቂያ አይጠይቅህም፣ ክፍያ የለም፣ ቅርጫት ሲዞር የፈቀደ አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግህ ብቻ ነው። ስሜን ተናግሬ «የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ» ለማለት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ እስከዚያ ዝም ብዬ ስሰማ ማንም አልጎተጎተኝም።

እኚያ ሽማግሌ አሁን ስፖንሰሬ ናቸው፣ ማለትም መጠጥ ሲያምረኝ እኩለ ሌሊትም ቢሆን የምደውልላቸው ሰው። ነገሩ በ1935 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ እንዴት እንደተጀመረ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ቢል ዊልሰን የሚባል ከኒው ዮርክ ለሥራ የመጣ ሰው ሥራው ሳይሳካ ቀረ፣ መጠጥ ክፉኛ አማረው። አንድ ሌላ ጠጪ አግኝቶ ማውራት እንዳለበት ገባውና እያጠያየቀ ዶክተር ቦብ ስሚዝን አገኘ፣ እሱም መጠጥ አልለቀው ያለ ሐኪም ነበር። ሁለቱ ተቀምጠው አወሩ። የረዳቸው አዋቂ ስለሆኑ አይደለም፣ አንዱ የሌላውን ሕመም ስለሚያውቅ ነው። እኔንም የያዘኝ ይኸው ነው። ጸበሌን አልተውኩም፣ የንስሐ አባቴም ያውቃሉ። አንዱ ሌላውን አልከለከለኝም።

ማኅበሩ መጠጥ ለማቆም ከሚከተላቸው 12 ደረጃዎች ስምንተኛው የበደልካቸውን ሰዎች ስም መጻፍ ነው፣ ዘጠነኛው ሄዶ መካስ። ያንተን ስም ስጽፍ እጄ እንደዚያ ቀን ተንቀጠቀጠ።

ዳላስ ያለው ታናሽህም መጠጥ አብዝቷል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ከሆነ በስድብ አትጀምር፣ ብቻውንም ድንገት እንዲያቆም አትፍቀድለት፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እዚያም ስብሰባ ሞልቷል። ከፈለገ እኔ በስልክ አወራዋለሁ፣ በአማርኛ። ለአንተም ቢሆን አለ፣ አል-አኖን ይባላል፣ የጠጪ ቤተሰቦች የሚገናኙበት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሃለሁ። ባታነሳም አልቀየምህም፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግሜ እሞክራለሁ። ከፈቀድክልኝ ግን ቤትህ መጥቼ፣ የእማማ ፎቶ የተሰቀለበት ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ ያን ጠዋት ያላለቀስኩላቸውን ላለቅስ እፈልጋለሁ።