ለደንበኞቻችን፦ ከአሮጌ ጭነት መኪና ሥር ስላለ ዝገት

ጅማ፣ መስከረም

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጥቶ የቡና ጭነት ሲቃረብ ወደ ጋራዣችን የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሥሩ ዝጓል፤ ጭኜ ልውጣ ወይስ ይፈታ?» ይህ በስልክ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። እናንተ ወይም ሹፌራችሁ በግማሽ ቀን አይታችሁ ልትለዩት የምትችሉትን ግን እነሆ ጽፈናል። ደብዳቤው ባሌስትራ፣ ማለትም ከሥር ሸክሙን የሚይዝ የተነባበሩ ዝርግ ብረቶች (ንብሮች) ሞላ፣ ላላቸው አይሱዙና መሰል መኪኖች ነው።

ጅማ ውስጥ የቆየ መኪና ባይዝግ ነው የሚገርመው። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ከዴዶም ሆነ ከጌራ መንገድ የሚነሳው ቀይ ጭቃ በባሌስትራው ንብርብር መሃል ገብቶ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ማዳበሪያ ወይም ጨው የሚጭን መኪና ደግሞ ይብስበታል፤ ሁለቱም ከአየሩ ውሃ እየሳቡ ብረቱን ይበሉታል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ቀለሙን አይታችሁም አትረጋጉ። መታየት ያለበት ብረቱ ምን ያህል እንደሳሳና ታስሮ መቆየት የነበረበት ነገር እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ መኪናው ባዶውን ሜዳ ላይ ይቁም። ከጎማው መሃል እስከ ካርጎው ጠርዝ በግራም በቀኝም ለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ አንዱ ባሌስትራ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ቀጥሎ በየጎኑ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ለኩ፤ መሪው ቀጥ ያለ ይሁን። እኛ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ያለውን መኪና ሳንፈታ አንለቅም። አክስሉ ከቦታው ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ንብሮቹን መሃላቸው ላይ የሚያስረው የመሃል ብሎን መቆረጥ ነው። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት በጎኑ የሚሄድ የሚመስል መኪና ይኸው ነው።

ከዚያ ታጥቦ ይድረቅ። ከሥር የሚገባ ሰው ካለ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግባቸው፤ ክሪክ ብቻውን አይበቃም፣ ሻንሲው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ። ከምርመራው በፊት ቀለም እንዳትቀቡ አደራ። ቦሎ ሲደርስ ሥሩን ጥቁር ቀለም አልብሶ መምጣት የተለመደ ነው፤ ቀለሙ ግን መጀመሪያ የሚሸፍነው እኛ የምንፈልገውን ስንጥቅ ነው።

ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፈግፍጉ። ሥሩ ለስላሳ ብረት ከሆነ የላይ ዝገት ነው፤ ጉዳት የለውም። እንደ ቅርፊት እየተነሳ የሚወድቅ ከሆነ ቅርፊቱን ጨርሳችሁ አንሱና የቀረውን በካሊፐር ለኩ፤ ጭቃ ያልነካውን የዚያኑ ብረት ክፍልም ለክታችሁ አስተያዩ። የእኛ ወሰን ከውፍረቱ አንድ አስረኛ መሳሳት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 10 ሚሊ ሜትር የነበረ ንብር 9 ሲሆን ግትርነቱ ከሩብ በላይ ይወርዳል፣ በዚያው ሸክም የሚደርስበት ጫና ደግሞ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጨምራል። የሳሳው ንብር ያልተሸከመው ጭነት ለጎረቤት ንብሮች ስለሚተርፍ እነሱም ተራቸውን ይደክማሉ።

ከመሳሳቱ የከፋው ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራ ዝገት ነው፤ ስንጥቅ ከዚያ ይነሳል። ባሌስትራ ሲጫን የሚወጠረው የየንብሩ የላይኛው ገጽ ስለሆነ ከታች ብቻ አይቶ መነሳት ዋጋ የለውም። ሦስት ቦታ ላይ ጊዜ ውሰዱ፦ የዋናው ንብር ጫፍ ለፒኑ ዓይን ሆኖ የተጠቀለለበት፣ ዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ብሎን) የሚይዝበት ጠርዝ፣ የመሃል ብሎኑ ቀዳዳ አካባቢ። ስንጥቅ ከተጠራጠራችሁ ቦታውን እስኪያበራ ጠርጋችሁ ነጭ ጋዝ ቀቡት፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይታችሁ በጨርቅ አድርቁና ነጭ ጠመኔ አሹበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ተመልሶ ወጥቶ በጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። መስመር ያሳየ ንብር ይለወጣል፤ ክርክር የለውም።

አይበየድም። የባሌስትራ ብረት በሙቀት የጠነከረ ነው። ብየዳው ዙሪያውን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ጭነት ከብየዳው ጎን ይሰበራል። የዛገ ብሎን ለመፍታት ባሌስትራው አጠገብ የኦክስጅን እሳት መልቀቅም ያው ጥፋት ነው። ዩ ቦልቱን ቁረጡት፤ መኪናው በመቆሚያ ላይ ሆኖ፣ አክስሉም በክሪክ ተደግፎ።

ዩ ቦልት ከተፈታ አይመለስም። ክሩ የተሳበ፣ የዛገ ከሆነማ ቁልፉ ላይ የጠበቀ ቢመስልም ባሌስትራውን አልያዘም፤ ዝገቱ ነው የታገለው። ዩ ቦልት ሲላላ የመሃል ብሎኑ ይቆረጣል፣ ንብሩም ከመሃሉ ይሰበራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የባሌስትራ ጥፋት የሚባለው የዩ ቦልት ጥፋት ነው። በዳዶው ወይም በመያዣው ዙሪያ ቀይ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ሁለት ብረቶች እየተፋተጉ ነው፤ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ዝገት ይህ ዱቄት አይወጣም።

ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት መያዣዎች ላይም ያው ነው። ከሪቬት ራስ ሥር ቡናማ መስመር ወርዶ ከታየ ሪቬቱ ላልቷል። በመያዣውና በሻንሲው መሃል የገባ ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እያበጠ ሁለቱን ይለያያቸዋል። ሻንሲውን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱ፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ይታፈናል። በካቻቢቴ ሲወጉት ከገባ መኪናው እዚያው ይቁም፣ እኛው እንመጣለን።

የባሌስትራውን ዓይን ከመያዣው የሚያገናኘውን ፒንና ፒኑ የሚገባበትን ቡሽ በዲጂኖ ወደ ላይና ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ በዓይን የሚታይ ጨዋታ ካለ ይለወጣሉ። ግራሶ የማይቀበል ፒን ሳይውል ሳያድር ይነክሳል። አሞርዛተር (የመንገጫገጭ ማብረጃው) ላይ የአካሉ ዝገት ብዙም አያሳስብም፤ ዘንጉ ከዛገ ግን ጎሚኒውን ቀድዶ ዘይቱን ያፈስሳል።

የተቃጠለ ዘይት ከሥር የመርጨት ልማድን በተመለከተ፦ ዝገትን ያዘገያል፣ እውነት ነው። ግን የጎማ ቡሽን ያበላሻል፣ ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ መኪናው አይቆምም። ለግቤ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ይህን ባያደርግ ይሻላል። ምርመራው ሲያልቅ ንጹሑን ብረት በአንቲረስት ቀብቶ ማድረቅ ይበቃል፤ ከጭቃ መንገድ በኋላ ሥሩን በውሃ ማጠብም ከቀለም በላይ ይጠቅማል።

ባሌስትራ ሲለወጥ ግራና ቀኙ አብሮ ይለወጥ። አንዱ ብቻ ከተለወጠ አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ግትር ስለሆነ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን፣ የንብሮቹን ብዛት፣ ወርድና ውፍረት ይዛችሁ ኑ። አዲስ ዩ ቦልት ከታሰረ በኋላ ጭኖ ሲሄድ ንብሮቹ ስለሚቀመጡ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከሄዳችሁ ስትመለሱ በጋራዣችን እለፉ፤ ለዚህ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ መካኒኮች