ስለ ካሪክማክሮስ የድሆች መጠለያ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በአየርላንድ፣ ሞናሃን አውራጃ ስላለው የቀድሞ የካሪክማክሮስ የድሆች መጠለያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1843 የተከፈተው ቤት ዛሬ የማኅበረሰብ ማዕከል መሆኑ ደግ ነው። ጽሑፉ ግን ሕንፃውን «ውብ» ብሎ አለፈው። እዚህ ላይ አልስማማም።

አርክቴክቱ ጆርጅ ዊልኪንሰን በአየርላንድ ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ነድፏል። አንዱን ያየ ሌላውንም አየ ማለት ይቻላል። ወጪ ለመቆጠብ ግድግዳው ሳይለሰን ኖራ ብቻ ይቀባ ነበር፤ ኮርኒስ አልነበረውም። አልጋም አልነበረም። ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ከፍ ያለ የጣውላ ወለል ነበር፤ ሰዉ እዚያ ላይ ተደርድሮ ያድር ነበር። የእኛን መደብ አስቡት፣ በጭቃ ፋንታ በጣውላ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ፕላኑ ራሱ ቤተሰብ ይበትን ነበር። ባል ወደ አንዱ ክፍል፣ ሚስት ወደ ሌላው፣ ከፍ ያሉ ልጆች ለብቻ። ግቢው በግንብ የተከፋፈለውም ለዚሁ ነው። ይህ ሳይነገር ፎቶው ብቻ ሲወጣ አንባቢው የሚያየው ደስ የሚል የድሮ ቤት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም የወለል ፕላኑን አትሙልን። ዛሬ ሰው ለስብሰባ የሚገባባቸው ክፍሎች ላይ ድሮ ማን ያድር እንደነበር ይጻፍበት።

አንባቢያችሁ