አግኖስቲክ ማለት አምላክ የለሽ ማለት አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ሃይማኖታዊ ጥርጣሬ ባወጣችሁት ጽሑፍ «አግኖስቲክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «አምላክ የለሽ» ተብሎ መተርጎሙ ትክክል አይደለም። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1869 የፈጠረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ነው። በ1889 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳብራራው፣ ስያሜውን ያወጣው በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ «ግኖስቲክ» ከተባሉትና እርሱ አላውቀውም የሚለውን ነገር እናውቃለን ይሉ ከነበሩት ሰዎች በተቃራኒ ራሱን ለማስቀመጥ ነው፤ «ግኖሲስ» በግሪክኛ ዕውቀት ማለት ሲሆን «አ» የሚለው መነሻ ደግሞ አፍራሽ ነው። ሃክስሊ አቋሙን የእምነት አንቀጽ ሳይሆን ማስረጃ ያልተገኘለትን ነገር እርግጥ ነው ላለማለት የሚያስገድድ የአስተሳሰብ መንገድ አድርጎ ነበር የገለጸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አምላክ የለሽ የሚባለው ሰው የአምላክን መኖር አይቀበልም፤ አግኖስቲክ ግን መኖሩንም አለመኖሩንም ማወቅ አልተቻለም ባይ ነው። ማወቅና ማመን የተለያዩ በመሆናቸውም፣ ማወቅ አይቻልም እያሉ በእምነታቸው የጸኑ ሰዎች አሉ፤ እነዚህን ከሃዲ አድርጎ ማቅረብ፣ በእኔ እምነት፣ በደል ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም እርማት እንዲወጣ፣ ወደፊትም ቃሉ «አግኖስቲክ» ተብሎ እንዲጻፍና መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ የአንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ እንዲታከልበት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ