የቀድሞ ተማሪዎች ጥሪ ማንን ነው የሚጠራው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የማስታወቂያ ገጾች ላይ የቀድሞ ተማሪዎችን ለመሰባሰብ የሚጋብዙ ጥሪዎች እየበዙ መምጣታቸውን ስመለከት ቆይቻለሁ። እንደ ዊንጌትና እቴጌ መነን ካሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የወጡ ታላላቆቻችን ያስለመዱት ይህ ደግ ነገር ዛሬ በደርግ ዘመን ለተማርነውም ደርሶናል፤ በቴሌግራምና በፌስቡክ ምክንያት ሠላሳና አርባ ዓመት የተጠፋፋ ሰው በአንድ ምሽት ተፈልጎ ይገኛል። በመገናኘቱ ላይ ቅሬታ ሊኖረኝ አይችልም። ቅሬታዬ በአጠራሩና በአቀባበሉ ላይ ነው፤ አዘጋጆቹ ክፉ አስበው ባይሆንም፣ ብዙዎቹ ዝግጅቶች ኑሮ የቀናውን ጠርተው ያልቀናውን ደጅ የሚያስቀሩ ሆነዋልና ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

እኔ የተማርኩት ኩባ ውስጥ ነው። ታሪኩን ለማያውቁ ወጣት አንባቢዎች ባጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውና ከቀያቸው የተፈናቀሉ ልጆች፣ እንዲሁም በየግንባሩ የወደቁ ወታደሮችና ሚሊሺያዎች ልጆች ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ወደ ኩባ ተልከው ነበር። የደረስነው ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ ወደምትገኘው፣ እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ የጥድ ደሴት ትባል ወደነበረችውና ከዚያ ወዲህ የወጣቶች ደሴት ወደተባለችው ደሴት ነው። በሺዎች የምንቆጠር ስንሆን፣ አብዛኞቻችን አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላንም ነበር።

ትምህርት ቤቶቹ በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ መካከል የተሠሩ ባለ ፎቅ ሕንፃዎች ነበሩ። ከእኛዎቹ መካከል «መንግሥቱ ኃይለ ማርያም» እና «ካራማራ» የተባሉት ይገኙ ነበር፤ በዚያው ደሴት የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የናሚቢያ ልጆችም የየራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው። ትምህርትን ከሥራ ጋር ማጣመር የኩባ መመሪያ ስለነበር ግማሹን ቀን ክፍል፣ ግማሹን ቀን እርሻ እንውላለን፤ ሒሳቡንና ሳይንሱን ከኩባውያን መምህራን በስፓንኛ፣ አማርኛውንና የኢትዮጵያን ታሪክ ደግሞ አብረውን ከተላኩ የአገራችን መምህራን እንማር ነበር። ጧት ለ«ማቱቲኖ» እንሰለፋለን፤ ማታ «አልበርጌ» ወደምንለው መኝታ ክፍል ገብተን በተደራራቢው የብረት አልጋ ከላይና ከታች ሆነን እንቅልፍ እስኪጥለን እናወራለን። ወላጅ ያለው አዳሪ ተማሪ ዕረፍት ሲደርስ ሻንጣውን አንሥቶ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ክረምት ከበጋ እዚያው ነበርን። አንዳችን የሌላችንን የጫማ ቁጥር፣ ማን በእንቅልፉ እንደሚጮህ፣ ማን ጥቁሩን ቦሎቄ ለይቶ ሩዙን ብቻ እንደሚበላ እናውቅ ነበር። ስለዚህ በሌላ ቦታ የክፍል ጓደኛ የሚባለው ለእኛ ወንድምና እኅት ነው፤ አንዳንዱም ከዚያ በቀር ሌላ ዘመድ የለውም።

ከዚያ በኋላ የእያንዳንዳችን መንገድ ተለያየ። ከፊሉ በመካከለኛ ቴክኒሽያንነት ተመርቆ በቶሎ ተመለሰ፤ ከፊሉ በሐቫና፣ በሳንታ ክላራና በሳንቲያጎ ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምናና ምህንድስና ተማረ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ገና በትምህርት ላይ የነበሩት፣ የላካቸው መንግሥት ወድቆ፣ አስተናጋጇ ኩባም የሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ቀርቶባት በችግር ላይ ሳለች መሐል ላይ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ወደ ስፔንና ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፣ አንዳንዶቹ እዚያው ትዳር ይዘው እስከ ዛሬ አሉ። ወደ አገር የተመለሰውም ቢሆን ዕድሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። በስፓንኛ የተጻፈ የምስክር ወረቀት ይዞ ሥራ መፈለግ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ከሐረርጌ የሄደ አንድ ጓደኛችን ኦሮምኛውን ፈጽሞ ረስቶት ከአክስቱ ጋር የተነጋገረው በጎረቤት አስተርጓሚነት ነው። በሙያቸው የተከበሩ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ከመካከላችን መውጣታቸው እውነት ነው፤ የቀን ሠራተኛ፣ ጥበቃና ደላላ የሆኑ፣ በመጠጥ የተጎዱም መኖራቸው ያው እውነት ነው። ይህ ልዩነት በትጋትና በስንፍና ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ደግሞ እኛው ምስክሮች ነን።

አሁን ወደ ስብሰባዎቻችን ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል በተዘጋጀ ግብዣ ላይ ተገኝቼ ነበር። ለመግቢያው፣ ለቲሸርቱና ለምሳው የተጠየቀው ገንዘብ የአንድ ጥበቃ ሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚጠጋ ነበር። በር ላይ ስማችን ከነማዕረጉ የተጻፈበት ባጅ አንገታችን ላይ ተንጠለጠለ፤ ቀጥሎም የመድረክ መሪው ማይክ እያዞረ እያንዳንዱ ራሱን፣ ሥራውንና ልጆቹ የደረሱበትን እንዲናገር ጋበዘ። ዶክተሩ ተናገረ፣ ከዳላስ የመጣችው ተናገረች፣ አስመጪው ተናገረ። ተራው በልጅነታችን የእርሻ ድርሻውን ከሁሉ ቀድሞ ጨርሶ የደካሞቹን ሣጥን እየሞላ ያግዝ የነበረ ጓደኛችን ጋ ደረሰ። በአንድ መጋዘን ጥበቃ መሆኑን የምናውቅ እናውቃለን፤ የለበሰው ኮት የተውሶ መሆኑም ከትከሻው ያስታውቅ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ» ብሎ ማይኩን ለቀጣዩ አቀበለ። ምሳ ሲቀርብ ወንበሩ ላይ አልነበረም፤ ባጁን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄዷል።

አዘጋጆቹ የሚሉትን አላጣሁትም። አዳራሽ በነፃ አይገኝም፤ ከውጭ ለጥቂት ሳምንት የመጣ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ማግኘት ይፈልጋል፤ ሰው የደረሰበትን መናገሩም ነውር አይደለም። «መክፈል ለማይችሉት እኛ እንከፍላለን» ተብሎም በቡድኑ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን መቶዎች በሚያነቡት ገጽ ላይ «እኔ አልችልም» ብሎ እጁን የሚያወጣ ጎልማሳ ማን ነው? መልእክቱን የጻፈው ሰው ደግ መሆኑን ስለማውቅ አልወቅሰውም። ቀኝ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ እየተባለ ባደገ ሕዝብ መካከል ግን እንዲህ ያለው ነገር በአደባባይ ሲነገር የሚቀበለውን ሰው ያሸማቅቃል እንጂ አያመጣውም።

ሌላ ዓይነት መገናኘትም አይቻለሁ። አንዲት እኅታችን ሣሪስ አካባቢ ባለው ግቢዋ እሑድ ከሰዓት ቡና አፍልታ፣ ሩዙን ከጥቁር ቦሎቄ ጋር እንደ ኩባውያኑ ሠርታ ጠራችን። የጠራችንም እያንዳንዳችን ጋ ራሷ ደውላ ነው፤ ያን ጓደኛችንን ደግሞ ልጇን ልካ ከሥራ ቦታው ድረስ አስመጣችው። ማይክም ባጅም አልነበረም። አንዱ ከሐቫና ያመጣውን ዶሚኖ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ፤ እዚህ ገበያ ላይ እንደሚገኘው እስከ ስድስት የሚቆጥረው ሳይሆን፣ ኩባውያን የሚጫወቱበትና እስከ ዘጠኝ የሚደርሰው፣ 55 ጠጠር ያለው ነው። ጥበቃው ጓደኛችን አሥሩን ጠጠሮቹን ፊቱ ደርድሮ፣ ጨዋታው ሁለት ዙር እንኳ ሳይሞላ የቀሩት ሦስቱ የያዙትን ይነግራቸው ጀመር፤ ሐኪሙ ተሸንፎ በስፓንኛ ሲራገም ግቢው በሳቅ ተናወጠ። በዚያ ምሽት «አሁን ምን ላይ ነህ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሆኖም የማን ልጅ ተመርቃ ሥራ እንዳጣች፣ የማን ኩላሊት እንደታመመ፣ ማን የቤት ኪራይ እንደተጨመረበት ዶሚኖው ሲበወዝ በመሐል በመሐሉ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ማን ለማን ምን እንዳደረገ ግን በጋዜጣ የሚጻፍ አይደለም።

የቴሌግራም ቡድናችንም አብዛኛውን ጊዜ የሚነቃው ሰው ሲሞት ነው። «ነፍስ ይማር» እየተባለ የሻማ ሥዕል ይደረደራል፤ ሟቹ ግን ባለፈው ዓመት ታሞ ተኝቶ ሳለ የደወለለት ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ ሳይሆን መፍትሔው ቀላል ስለመሰለኝ ነው። በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሦስት አራት ሰዎች የአካባቢያቸውን ልጆች ስም ተከፋፍለው በወር አንድ ጊዜ ቢደውሉ የቀረው ሰው የት እንዳለ ይታወቃል። የስብሰባው ወጪም ጥሪው ከመውጣቱ በፊት አቅም ባላቸው መካከል በጸጥታ ቢሸፈን፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ የሚመዘግብ ሰው አያስፈልግም። ባጅ የግድ ከሆነም ከስም ቀጥሎ የሚጻፈው የትኛው አልበርጌ እንደነበርን ይሁን፤ እኔ በበኩሌ ከዶክትሬቱ ይልቅ ሰውን የማስታውሰው በዚያ ነው።

የእኛ ስብስብ ብዙ ጊዜ የሚገናኘው የካራማራ ድል በሚታሰብበት በየካቲት 26 አካባቢ ነው። በዚያን ሰሞን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በሚገኘው የትግላችን ሐውልት፣ ከኢትዮጵያውያኑ ጎን ተሰልፈው የወደቁት ኩባውያንም ይታሰባሉ። የብዙዎቻችን አባቶች የወደቁት በዚያው ጦርነት ስለሆነ ለእኛ ከዚህ የተሻለ መገናኛ ሥፍራ የለም፤ በዚያ ላይ መግቢያ አይጠየቅበትም። ለአዘጋጆቹ የማቀርበው ሐሳብ፣ በመጪው የካቲት ሆቴሉ ይቅርና ከሐውልቱ በኋላ በየሰፈሩ ግቢ ባላቸው ሰዎች ቤት እንገናኝ፤ በሐረር፣ በድሬዳዋና በጅግጅጋ ያሉትም ለጉዞ ሳይቸገሩ በየከተማቸው በዚያው ቀን ይገናኙ፤ ሐቫና ከቀሩት ጋር በቪዲዮ ማውራት የምትችል እኅት ደግሞ አትጠፋም የሚል ነው። አንባቢዎችንም አንድ ነገር ልለምን። በሰፈራችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ በር ወይም በታክሲ ተራ ስፓንኛ የሚችል ጎልማሳ የምታውቁ ካላችሁ ይህን ደብዳቤ አሳዩልኝ፤ የምንገናኝበትን ቦታ ከሐውልቱ ሥር እንደምንነግረውና የሚያዋጣው ምንም እንደሌለ ንገሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የኩባ ተማሪ
ከአዲስ አበባ