አንድ እብጠት ሲገኝ ፍለጋው አይቁም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንጎል ደም ቅዳ ላይ እብጠት፣ ሐኪሞች አኑሪዝም የሚሉት፣ ከተገኘባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሌላም አለው። ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባሉ የምርመራ ማዕከላት ውጤት ይዘው የሚወጡ ቤተሰቦች ይህን ይወቁልን። አንዱ ታየ ተብሎ ፍለጋው ከቆመ፣ ሌላው ነገ ሊፈነዳ ይችላል።

በድንገት፣ በሰከንዶች ውስጥ የሚበረታ ራስ ምታት እብጠቱ ፈንድቶ ደም መፍሰሱን ሊያመለክት ስለሚችል ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ከተነሳ የፈሰሰውን ደም እምብዛም አይስተውም፤ ከዘገየ ግን ደሙ ስለሚሳሳ ንጹሕ ምስል አያስተማምንም። ያኔ ደም እንዳለበት ለማየት ከወገብ ፈሳሽ ይቀዳል። ብዙ ሰው ሽባ ያደርጋል ብሎ ይፈራዋል፤ መርፌው የሚገባው ግን ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው።

ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም ቀለም ተወግቶ የደም ቧንቧዎችን የሚያሳየው ሲቲ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰውን እብጠት ሊስት ይችላል። ስለዚህ በካቴተር፣ በደም ቧንቧ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ወደ አንጎል የሚወጡት አራቱም ቧንቧዎች፣ ማለትም ሁለቱ የአንገት ፊት ለፊትና ሁለቱ በአከርካሪ በኩል የሚወጡት፣ መታየት አለባቸው።

ከባዱ ጥያቄ የትኛው ደማ የሚለው ነው። ትልቁን መምረጥ ብቻውን ያሳስታል፤ 9 ሚሊ ሜትሩ ዝም ብሎ 4 ሚሊ ሜትሩ የፈነዳ ሊሆን ይችላል። ደሙ የተከማቸበት ቦታና ገጹ የተጎረበጠው እብጠት ይመራሉ። የተሳሳተው ከተዘጋ የደማው ክፍት ይቀራል፤ ዳግም የመድማት ስጋት ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው በመጀመሪያው ቀን ነው።

በቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያ የደማው ይዘጋል። እብጠቱ ከመነካቱ በፊት ወደ እሱ የሚወስደው ቧንቧ ይያዛል፤ በድንገት ቢፈነዳ ጊዜያዊ ክሊፕ፣ ቧንቧውን የሚቆነጥጥ ትንሽ የብረት መቆንጠጫ፣ የሚገባው እዚያ ነው። ቋሚው ክሊፕ በእብጠቱ አንገት ላይ ከተቀመጠ በኋላ አጎራባች ቅርንጫፎች ደም ማሳለፋቸው በዶፕለር፣ የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚለካ መሣሪያ፣ ወይም በብርሃን በሚታይ ቀለም ይረጋገጣል፤ አንዷ ከተቆነጠጠች ውጤቱ ስትሮክ ነው። በዚያው ወገን ያሉት ሌሎች እብጠቶች በአንድ መክፈቻ ሊዘጉ ይችላሉ፤ አንጎሉ ካበጠ ግን ለሌላ ቀን ይቆዩ። በአንጎል የኋላ ክፍል ደም ቅዳዎች ላይ ላለ እብጠት ብዙ ጊዜ ኮይል፣ በካቴተር ገብቶ እብጠቱን ከውስጥ የሚሞላ ቀጭን የብረት ሽቦ፣ ይሻላል።

ደም ለፈሰሰበት ታካሚ ኒሞዲፒን፣ ከመድማቱ በኋላ አንጎል ደም በማጣት እንዳይጎዳ የሚረዳ መድኃኒት፣ 60 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀናት ይሰጣል፤ የሌሊቱም ኪኒን አይዘለል። የደም ግፊቱ ከወረደ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው። ሲወጡ የምስሉን ሲዲና የክሊፑን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ይጠይቁ፤ ኤምአርአይ የሚያነሳው ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ